የሦስት ሺህ ድራክማ ኩራዝ

ከክርስቶስ ልደት በኋላ በሁለተኛው መቶ ዓመት የኖረ፥ ሉቅያኖስ የሚባል ቀልደኛና አሽሙረኛ ጸሐፊ ነበር። ይህ ሰው ከጻፋቸው ብዙ ነገሮች አንዱ፥ መጻሕፍትን በውድ ዋጋ እየገዛ ቤቱን የሚሞላ፥ ነገር ግን ከገዛቸው ውስጥ አንዱንም ያላስተዋለ ባለጸጋን የሚዘልፍበት ነው። በዘለፋው መካከል አንድ ታሪክ ያመጣል። ፈላስፋው ኤፒክቴቶስ ከሞተ በኋላ፥ የርሱ የነበረውን የሸክላ ኩራዝ አንድ ሰው በ3000 ድራክማ ገዛው ይላል። በወንጌል ለወይኑ ቦታ ሠራተኞች የቀን ዋጋ ሆኖ የተከፈለው አንድ ዲናር ከአንድ ድራክማ ጋር የሚቀራረብ ስለሆነ፥ ሰውየው ለአንድ የሸክላ ኩራዝ ያወጣው ገንዘብ የአንድ የቀን ሠራተኛ የስምንት ዓመት ድካም ያህል ነበር ማለት ነው። ይህን ሁሉ ገንዘብ ያፈሰሰው ለምን ይመስላችኋል? በዚያ ኩራዝ ብርሃን ሌሊት ሌሊት ቢያነብ፥ የሽማግሌው ጥበብ በእንቅልፉ መጥቶ የሚያድርበት መስሎት ነው ሲል ሉቅያኖስ ያላግጥበታል።

በአዲስ አበባ በብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ወይም በአራት ኪሎ መንገድ ስናልፍ፥ አዟሪዎች ከዘረጓቸው መጻሕፍት ፊት ቆም ባልን ቁጥር ይህ ኩራዝ ገዢ ትዝ ይለናል። ስለ ጠባይ፥ ስለ ደስታ፥ ስለ ኑሮ ብልሃት የተጻፉት መጻሕፍት፥ ገሚሶቹ ወደ አማርኛ ተተርጉመው፥ ገሚሶቹ በእንግሊዝኛ እንዳሉ፥ ከልብ ወለዱ ጐን ተደርድረዋል። አንሥተው የሚያገላብጡአቸው በአብዛኛው ተማሪዎችና ሥራ ከያዙ ጥቂት ዓመት የሆናቸው ወጣቶች ናቸው። ከምሳ ገንዘቡ ቀንሶ መጽሐፍ የሚገዛ ወጣት የሚመሰገን እንጂ የሚነቀፍ አይደለም፤ ስለዚህ ጥያቄአችን መጽሐፉ ይገዛ ወይስ አይገዛ የሚል አይደለም። እኛ ልንጠይቅ የምንወደው፥ ከተገዛና ከተነበበ በኋላ ምን ይሆናል የሚለውን ነው። ስለ ደግነት ማንበብ ደግ ያደርጋልን? ስለ ደስታስ ማንበብ ያስደስታልን? (የአገራችን መጻሕፍት የታተሙበትን ዘመን ስናነሣ ለይተን ካልተናገርን በቀር፥ በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ማመልከታችን መሆኑን አንባቢ ይወቅልን።)

በመጀመሪያ ባለኩራዙን እንወቀው። ኤፒክቴቶስ በ50 ዓ.ም. ገደማ፥ ዛሬ የቱርክ አገር በሆነው ምድር በሒየራጶሊስ ከተማ የተወለደ ሲሆን ባሪያ ነበር። ጌታው የኔሮን ቄሣር ባለሟል ነበር። እግሩም አንካሳ ነበር። ነጻ ከወጣ በኋላ በሮም ፍልስፍና ሲያስተምር ቆይቶ፥ ዶሚጥያኖስ ቄሣር ፈላስፎችን ከከተማው ባባረረ ጊዜ ወደ ግሪክ አገር ተሻገረና በኒቆጶሊስ ትምህርት ቤት ከፈተ። በሕይወቱ ሳለ አንድ መጽሐፍ እንኳ አልጻፈም። ዛሬ በስሙ የምናነበው፥ አርያኖስ የተባለ ተማሪው ከአፉ እየሰማ የያዘው ማስታወሻ ነው። አርያኖስን አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ስለ ኩራዝም ኤፒክቴቶስ ራሱ ለተማሪዎቹ የነገራቸው አለ። ቀድሞ የብረት ኩራዝ ነበረው። ከዕለታት አንድ ቀን ኮሽታ ሰምቶ ቢሮጥ ሌባ ወስዶታል። ሌባውን ያስጐመጀው ብረት መሆኑን ተረዳና፥ ነገ የሸክላ እገዛለሁ፥ ሰው የሚጠፋበት ያለው ነገር ነው ብሎ ነገሩን በዚሁ ተወው። እንግዲህ 3000 ድራክማ ያወጣው ያ ሸክላ በዚህ ምክንያት የተገዛው ከሆነ፥ ማንም አይመኘውም ተብሎ የተመረጠ ዕቃ ነበር ማለት ነው። ፈላስፋው ይህን ቢሰማ ምን ያህል በሳቀ!

ይህ መምህር ከሁሉ ይልቅ የሚቈጣው መጽሐፍ አንብቤ ጨረስሁ እያለ በሚኰራ ተማሪ ላይ ነበር። አንድ ወጣት የታላላቆቹን ሊቃውንት ድርሳን እንዴት እንደ ተረዳው ሊያሳየው ሲነሣ፥ ኤፒክቴቶስ የስፖርተኛ ምሳሌ ያመጣበታል። አንዱን ጉልበተኛ፥ ትከሻህን አሳየኝ ብትለው፥ እርሱ ግን የሚለማመድበትን የክብደት ብረት አምጥቶ ቢያሳይህ ምን ትለዋለህ? ብረቱን ተወውና በብረቱ ያገኘኸውን ጉልበት አሳየኝ አትለውምን? የሚል ነው አሳቡ። መጽሐፍ የክብደት ብረት ነው፤ የሚፈለገው ትከሻው ነው።

ከርሱ አራት መቶ ዓመት ያህል አስቀድሞ አሪስቶትል ይህንኑ ነገር በሌላ መንገድ ተናግሮታል። የግብረ ገብ መጽሐፉ ሁለተኛ ክፍል የሚጀምረው ጠባይ ከልማድ የሚመጣ መሆኑን በማስረዳት ነው። ግንበኛ የሚኮነው በመገንባት ነው፤ ክራር ደርዳሪ የሚኮነው ክራር በመደርደር ነው፤ እንዲሁም ፍትሕ ዐዋቂ የሚኮነው የፍትሕ ሥራ በመሥራት ነው። ቀጥሎም ስለ ምግባር በመናገር ብቻ መልካም ሰው እንሆናለን የሚሉትን፥ ሐኪሙ የሚናገረውን በጥንቃቄ እያዳመጡ መድኀኒቱን ከማይወስዱ በሽተኞች ጋር ያመሳስላቸዋል። በአማርኛችንም ግብረ ገብ ስንል የመጀመሪያው ቃል ግብር፥ ማለት ሥራ፥ መሆኑን ማስተዋል ያሻል። አባቶቻችን ይህን ትምህርት ነገረ ገብ አላሉትም።

ይህ የጥንት ሰዎች ወቀሳ ብቻ እንዳይመስል፥ በዘመናችን የተደረገ አንድ ምርመራ እናንሣ። ኤሪክ ሽዊትዝጌበል የሚባል አሜሪካዊ የፍልስፍና መምህር ከዩኒቨርሲቲዎች ቤተ መጻሕፍት የጠፉ የፍልስፍና መጻሕፍትን ተከታትሎ በ2009 ውጤቱን አሳተመ። መምህራንና ከፍተኛ ተማሪዎች የሚዋሱአቸው የግብረ ገብ መጻሕፍት፥ ከሌሎቹ የፍልስፍና መጻሕፍት በግማሽ ያህል አብልጠው ከመደርደሪያ ጠፍተው ተገኙ። ስለ ሐቀኝነት የተጻፈው መጽሐፍ ተሰረቀ ማለት ነው! ኋላም ከአንድ ባልደረባው ጋር ሆኖ የግብረ ገብ መምህራንን ከሌሎች መምህራን ጋር አወዳደረ። የግብረ ገብ መምህራኑ ሥጋ መብላት ነውር ነው በማለት ከሌሎቹ ይበልጡ ነበር፤ ነገር ግን በመጨረሻው ራታችሁ ሥጋ በላችሁን ተብለው ሲጠየቁ ከሌሎቹ የሚለያቸው ነገር አልተገኘም። በሌላውም በተመረመረው ጠባይ ሁሉ ከጎረቤቶቻቸው የተሻሉ ሆነው አልታዩም፤ የከፉም አልነበሩም። ዕድሜውን በሙሉ ስለ ምግባር ያነበበ ሰው እንዲህ ከሆነ፥ በአንድ ሳምንት ውስጥ አንድ መጽሐፍ ጨርሶ ሌላ ሰው ሆኛለሁ የሚለውን ምን እንበለው?

እንዲህ ስንል አንድ የታወቀ ተቃውሞ ይነሣል፤ እንኪያስ ጸሐፊው ራሱ ያልኖረውን ትምህርት እኛ ለምን እንስማው? ይህን ጥያቄ ከማንም ይልቅ በብርቱ የተጠየቀው ሴኔካ ነው። ሴኔካ የኔሮን ቄሣር መምህርና አማካሪ ሆኖ ሳለ ስለ ድህነት ክብርና ስለ ገንዘብ ከንቱነት አምርሮ ይጽፍ ነበር። ነገር ግን በ58 ዓ.ም. አንድ ከሳሽ ተነሥቶ፥ ይህ ፈላስፋ በአራት ዓመት የቤተ መንግሥት አገልግሎት ውስጥ ሦስት መቶ ሚሊዮን ሴስቴርስ ያከማቸው በየትኛው የጥበብ ትምህርት ነው ሲል ዘለፈው። ሴኔካ ስለ ደስተኛ ሕይወት በጻፈው ድርሰት ውስጥ ለዚህ ዓይነቱ ነቀፋ መልስ ይሰጣል። እኔ የምናገረው ስለ በጎነት እንጂ ስለ ራሴ አይደለም፤ ጉድለትን ስወቅስ አስቀድሜ የምወቅሰው የራሴን ነው የሚል መልስ ነው። ድርሰቱን የጻፈው ለወንድሙ ለጋልዮስ ነው። ይህም ጋልዮስ በሐዋርያት ሥራ 18ኛ ምዕራፍ፥ ጳውሎስን ከፍርድ ወንበሩ ፊት ባቀረቡበት ጊዜ ክሱን አልሰማም ብሎ ያባረራቸው የአካይያ አገረ ገዢ ነው።

በእኛ ግምት የሴኔካ መልስ ግማሹ እውነት፥ ግማሹ ማምለጫ ነው። ሐኪም ስለ ታመመ መድኀኒቱ ሐሰት አይሆንም፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ሦስት መቶ ሚሊዮን ሴስቴርስ ጉንፋን አይደለም። ይሁን እንጂ በ65 ዓ.ም. ኔሮን ራስህን ግደል ብሎ ባዘዘበት ጊዜ ሞቱን በጸጥታ የተቀበለ ሰው መሆኑን፥ በዚያን ዕለት ቃሉና ሥራው መገናኘታቸውን መመስከር ይገባል። ለወዳጁ ለሉቂልዮስ የጻፋቸው 124 ደብዳቤዎች ደርሰውናል፤ ከመጀመሪያዎቹ በአንደኛው ውስጥ የሚሰጠው ምክር ለመጽሐፍ ወዳድ ወጣት ሁሉ ይጠቅማል። ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ አትዝለል፤ በየቀኑ ካነበብኸው አንድ አሳብ ብቻ ለይተህ ያንኑ በዕለቱ አላምጠው ይለዋል። ብዙ የሚቀምስ ሆድ ብዙ አይጠግብም እንደ ማለት ነው።

እነዚህ ጥንታውያን መጻሕፍት ሁሉ አንድ የሚያመሳስላቸው ነገር እንዳለ አንባቢ ሳያስተውል አልቀረም። አንዱም ለገበያ ተብሎ የተጻፈ አይመስልም። የኤፒክቴቶስ ለክፍል ተማሪዎች የተነገረ ነው፤ የሴኔካ ለአንድ ወዳጅ የተላከ ነው፤ የማርቆስ አውሬልዮስ ደግሞ ለማንም አይደለም። ይህ ቄሣር ከ161 እስከ 180 ዓ.ም. ሲገዛ ከጦርነትና ከቸነፈር ጋር ነበር የተናነቀው። መጽሐፉም በሰሜን ጠረፍ በጦር ሰፈር ሳለ ለገዛ ራሱ በግሪክኛ የጻፈው ማስታወሻ ነው። በአምስተኛው ክፍል መግቢያ ላይ ያ የዓለም ገዢ የሚታገለው ከጠላት ጋር አይደለም፤ ከአልጋው ጋር ነው። ማለዳ መነሣት አስጠልቶት፥ ሰው የተፈጠረው ብርድ ልብስ ውስጥ ሊሞቅ ነውን ወይስ ሥራውን ሊሠራ እያለ ራሱን ይሟገታል። በሁለት ሰዓት ቢሮ መግባት የከበደው ወጣት ይህን ገጽ ቢያነብ ቢያንስ ብቻውን አለመሆኑን ያውቃል።

ሰው ከገዛ ልቡ ጋር የሚነጋገርበት መጽሐፍ ለእኛም እንግዳ አይደለም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1915 ዓ.ም. በአገራችን አቆጣጠር ያሳተሙት መጽሐፍ ስሙ ራሱ «ወዳጄ ልቤ» ነው፤ የሰዎችን ጠባይና ኑሮ በምሳሌ ያሳያል። ከዚያም እጅግ አስቀድሞ፥ ከ1510 እስከ 1522 ባለው ጊዜ ውስጥ፥ አባ ሚካኤል የተባሉ ሊቅ «መጽሐፈ ፈላስፋ»ን ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ መለሱት። በዚህ መጽሐፍ ሶቅራጥስና አፍላጦን፥ አሪስቶትልና ፓይታጎራስ ለግዕዝ አንባቢ ምክር ይሰጣሉ። ምክሩ ከግሪክ ወደ ዐረብ፥ ከዐረብ ወደ ኢትዮጵያ ሲሻገር ልብሱን እየለወጠ ነው የመጣው፤ የግዕዙ ተርጓሚም ቃል በቃል ከመገልበጥ ይልቅ ለአገሩ ሰው እንዲስማማ አድርጎ ነው የጻፈው። ትውልዳቸው ከካናዳ የሆነውና ዕድሜአቸውን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በማስተማር ያሳለፉት ክሎድ ሰምነር በ1974 ወደ እንግሊዝኛ ተርጉመው አሳትመውታል። እንግዲህ የፍልስፍና ምክር መጽሐፍ ከውጭ የመጣ አዲስ ሸቀጥ ነው የሚሉ ሰዎች ቢያንስ አምስት መቶ ዓመት ዘግይተዋል።

አሁን ወደ ቅርቡ ዘመን እንምጣ፤ የአዟሪው መደብ ላይ ያሉት አብዛኞቹ መጻሕፍት የዘር ሐረጋቸው የሚመዘዘው ከዚህ ነውና።

በ1845 በእንግሊዝ አገር በሊድስ ከተማ ጥቂት ወጣት ሠራተኞች ነበሩ። መጀመሪያ ሁለት ወይም ሦስት ሆነው በክረምት ማታ በአንዱ ጎጆ እየተሰበሰቡ፥ የሚያውቀው ለማያውቀው ንባብና ሒሳብ ያስተምር ጀመር። ቁጥራቸው ሲበዛ ጎጆው ጠበባቸው። በጋ ሲሆን በአትክልት ቦታ ይማሩ ነበር፤ ድንገት ዝናብ ሲመጣ በሰሌዳቸው ላይ የሠሩትን ሒሳብ ያጥብባቸዋል። መቶ ያህል ሲሆኑ አዳራሽ ተከራዩ፤ ያገኙትም ቤት ቀደም ሲል የኮሌራ በሽተኞች ማረፊያ የነበረና ሰው ሁሉ የሚሸሸው ነበር። ከዚህ በኋላ ጥቂት ነገር ይነግረን ብለው ሳሙኤል ስማይልስ የሚባለውን ስኮትላንዳዊ ጠሩት። ስማይልስ ሐኪምም ጋዜጠኛም የነበረ፥ ኋላ የባቡር ኩባንያ ጸሐፊ የሆነ ሰው ነው። ሌሎች ሰዎች ያደረጉትን፥ እናንተም እንደ ዐቅማችሁ ልታደርጉት ትችላላችሁ እያለ የብዙ ሰዎችን ታሪክ ይነግራቸው ጀመር።

ንግግሩን ወደ መጽሐፍ ለውጦ በ1855 ለአንድ አሳታሚ ቢያቀርብ አልቀበልም ተባለ። አራት ዓመት በመሳቢያ ካቆየው በኋላ በ1859 ራስን መርዳት በሚል ስም አወጣው። በመጀመሪያው ዓመት 20 ሺህ ቅጂ ተሸጠ፤ ደራሲው በ1904 እስኪሞት ድረስ ሩብ ሚሊዮን ያህል ደርሶ ነበር። ናካሙራ ማሳናኦ የሚባል ጃፓናዊ ሊቅ በለንደን ከነበሩ የአገሩ ተማሪዎች ጋር ቆይቶ ሲመለስ አንድ ወዳጁ ይህን መጽሐፍ ሰጠው፤ በ1871 ወደ ጃፓንኛ ተርጉሞ አሳተመው። ከክቡር ከበደ ሚካኤል «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» ያነበበ ሁሉ የዚያን ዘመን የጃፓን ወጣት የትምህርት ረኀብ ያስታውሳል፤ ያን ረኀብ ከመገቡት መጻሕፍት አንዱ ይህ ነበር።

ስማይልስ በሚያመጣቸው ታሪኮች ውስጥ ከሁሉ የማይረሳው የፈረንሳዊው ሸክላ ሠሪ የፓሊሲ ነው። ፓሊሲ የሚያብለጨልጭ ነጭ ቅብ ለማግኘት ዓመታት ደከመ። እንጨቱ ባለቀበት ጊዜ የአጥሩን ጣውላ፥ ቀጥሎም የቤቱን ጠረጴዛና መደርደሪያ እየሰበረ ወደ እቶኑ ጨመረ። ሚስቱና ልጆቹ አብዷል ብለው እየጮሁ ወጡ። በመጨረሻ ቅቡ ቀለጠ። ታሪኩ ግሩም ነው፤ ነገር ግን አንድ ነገር እናክልበት። ጠረጴዛውን አንድዶ ቅቡ ያልቀለጠለት ሸክላ ሠሪም በዓለም ላይ ነበር፤ በስማይልስ መጽሐፍ ውስጥ ግን የለም። የዚህ ዓይነት መጻሕፍት ዋና ጉድለታቸው ይህ ነው እንላለን፤ የተሳካለትን ሰው አምጥተው ጽናቱን ያሳዩናል፥ እኩል ጸንቶ ያልተሳካለትን ግን አያስቆጥሩንም። ያ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ጎረቤታችን ነው፥ አንዳንዴም አባታችን።

ስማይልስ ራሱ ግን የነቀፉት ሰዎች እንደሚሉት ራስ ወዳድነትን አልሰበከም። በ1866 ለወጣው እትም በጻፈው መቅድም፥ የመጽሐፉ ስም ሰዎችን እንዳሳሳተ ገልጾ፥ ራስን የመርዳት ግዴታ ባልንጀራን መርዳትን የሚጨምር መሆኑን አስረድቷል። ቀጥለው የጻፋቸውም መጻሕፍት ስማቸው ጠባይ፥ ቁጠባ፥ ግዴታ የሚል ነው። ደግሞም መዘንጋት የሌለበት፥ ያ መጽሐፍ የተወለደው ሰሌዳቸውን ዝናብ እያጠበባቸው እርስ በርሳቸው ከሚማሩ ወጣቶች መካከል መሆኑ ነው። መጽሐፉን ያነበቡት ሳይሆኑ መጽሐፉን ያስጻፉት ናቸው የሚያስቀኑን።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ቀስ በቀስ መልኩን ለወጠ። ዴል ካርኔጊ ከ1912 ጀምሮ በኒውዮርክ ማታ ማታ ለነጋዴዎችና ለቢሮ ሠራተኞች የንግግር ትምህርት ሲሰጥ ከቆየ በኋላ፥ በ1936 ወዳጅ ስለ ማፍራትና ሰውን ስለ ማሳመን የጻፈው መጽሐፍ በሚሊዮን የሚቈጠር ገዢ አገኘ። ፈገግ በል፤ የሰውን ስም አስታውስ፤ ሰው ስለ ራሱ ሲናገር አዳምጥ ይላል። ምክሩ ክፉ አይደለም፤ ካርኔጊም ከልብ ይሁን እያለ ያስጠነቅቃል። ነገር ግን አንባቢው የሚፈልገው ምን ለመሆን ነው? ስቲቨን ኮቪ በ1989 ባወጣው ዝነኛ መጽሐፉ፥ የሁለት መቶ ዓመት የአሜሪካን የምክር መጻሕፍት መርምሬ ያገኘሁት ነው ብሎ እንደ ጻፈው፥ የመጀመሪያዎቹ አንድ መቶ አምሳ ዓመታት መጻሕፍት ስለ ጠባይ፥ ስለ ሐቀኝነት፥ ስለ ትሕትናና ስለ ትዕግሥት የሚያስተምሩ ነበሩ፤ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የመጡት ግን ይበልጡን ስለ አቀራረብ፥ ስለ ፈገግታና ስለ ዘዴ ሆኑ።

ይህ ለውጥ በአገራችን ቢሮ ውስጥ ምን እንደሚመስል እናስብ። አንድ ባለጉዳይ ከሩቅ አገር መጥቶ፥ ሦስት ቀን ሙሉ በአግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሰንብቶ፥ በአራተኛው ቀን ከወጣቱ ሹም ፊት ይቀርባል። ወጣቱ ሹም መጽሐፉን አንብቧል። ብድግ ብሎ ይቀበለዋል፤ በስሙ ይጠራዋል፤ ኖር አባቴ ይለዋል፤ እስኪጨርስ ድረስ ፈገግ ብሎ ያዳምጠዋል። ከዚያም ፋይሉን ወደነበረበት መልሶ፥ ሰኞ ይመለሱ ይለዋል። ባለጉዳዩ እየመረቀው ይወጣል። በሚቀጥለው ቢሮ ያለው ሌላው ሹም ደግሞ ግንባሩን እንደ ቋጠረ፥ ቁጭ በሉ እንኳ ሳይል፥ ፋይሉን ፈልጎ፥ ፈርሞ፥ ማኅተም አስመትቶ ያሰናብተዋል። ሁለቱም ቢጣመሩ መልካም ነበር፤ ካልሆነ ግን ባለጉዳዩ ለአልጋ ኪራይ የሚያወጣውን ገንዘብ የሚያስቀርለት የትኛው እንደሆነ አከራካሪ አይመስለንም።

ስለ ደስታ የተጻፉትን በአጭሩ እንለፋቸው፤ መልካሞቹ ራሳቸው አጭር ነገር ነውና የሚሉት። በርትራንድ ረስል በ1930 ባወጣው መጽሐፍ፥ በጕርምስናው ወራት ሕይወትን እስከ መጥላት ደርሶ እንደነበረና፥ ያቆየው ሒሳብን አብልጦ ለማወቅ ያለው ጉጉት መሆኑን ይናገራል። ኋላ ደስታ ያገኘውም ስለ ራሱ ማሰብን እየቀነሰ፥ ከራሱ ውጭ ባሉ ነገሮች ላይ ልቡን እየጣለ በመሄዱ ነው ይላል። ቪየናዊው ሐኪም ቪክቶር ፍራንክል በናዚ ማጐሪያ ሰፈሮች ውስጥ ካለፈ በኋላ በ1946 የታተመውን መጽሐፉን በዘጠኝ ቀን ጻፈው፤ ስሙንም ሊያወጣበት አላሰበም ነበር። ደስታ አባርረህ የምትይዘው ነገር አይደለም፤ ለሌላ ነገር ስትኖር ተከትሎህ የሚመጣ ነው ይላል። አንዱ የእንግሊዝ መኳንንት ልጅ፥ ሁለተኛው ከሞት አፍ የወጣ እስረኛ፥ ሳይመካከሩ አንድ ቦታ ደረሱ። ስለ ደስታ መጽሐፍ የሚያነብ ሰው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ስለ ራሱ ነው የሚያስበው፤ ስለዚህ ረስልን በትክክል የተረዳ አንባቢ መጽሐፉን አጥፎ ወደ ሌላ ሥራ መሄድ ነበረበት።

እንግዲያውስ የትኛውን እንግዛ የሚለን ወጣት ቢኖር፥ እኛ አጭሩንና ርካሹን እንመርጣለን። አርያኖስ ከመምህሩ ቃል አሳጥሮ ያዘጋጀው ትንሽ መጽሐፍ በግሪክኛ ስሙ «በእጅ የሚያዝ» እንደ ማለት ነው፤ በዚያው ቃል ጩቤም ይጠራበታል። በአንድ ማታ ያልቃል። ነገር ግን በአንድ ማታ እንዲያልቅ አልተዘጋጀም፤ በኪስ እንዲቀመጥና በሚያስቸግር ሰዓት እንዲመዘዝ ነው። ቤንጃሚን ፍራንክሊን አሥራ ሦስት ምግባራትን በትንሽ ደብተር ጽፎ፥ በየሳምንቱ አንዱን እየጠበቀ፥ በሳተ ቁጥር ጥቁር ነጥብ ያደርግ ነበር፤ ከሁሉ ያቃተው ዕቃንና ጊዜን በሥርዓት መያዝ እንደነበረ ራሱ ጽፏል። ነጥቡ በዛ ብሎ ደብተሩን አለመጣሉ ነው የሚደነቀው። ከመደብሩ ላይ ያሉት፥ በሠላሳ ቀን ሌላ ሰው ትሆናለህ የሚሉት ግን ዋጋቸው ቢረክስም ውድ ናቸው።

አርያኖስን ኋላ እንመለስበታለን ብለን ነበር። በኒቆጶሊስ ከኤፒክቴቶስ እግር ሥር ተቀምጦ የጻፈው ያ ተማሪ ኋላ ሹም ሆነ። ሐድርያኖስ ቄሣር የቀጰዶቅያ አገረ ገዢ አድርጎ ሾመውና ከ131 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ጥቂት ዓመታት ገዛ። በዚያን ጊዜ የጥቁር ባሕርን ጠረፍ በመርከብ እየዞረ ጐብኝቶ ለቄሣሩ የላከው ጽሑፍ ዛሬም ይገኛል። በውስጡ ስለ ፍልስፍና ምንም የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። የነፋሱን አቅጣጫ፥ የወንዞቹን አፍ፥ የወደቦቹን ርቀት ይዘረዝራል። ትራጴዙስ ሲደርስ የቄሣሩ ሐውልት መልኩን የማይመስል መሆኑን አይቶ ሌላ ይላክ ብሎ በግልጥ ጻፈ፤ ይህን ለንጉሥ መጻፍ ቀላል እንዳልሆነ አንባቢ ይገምተው። አጵሳሮስ ወደሚባለው ምሽግ በደረሰ ጊዜ ደግሞ በዚያ ለነበሩት አምስት ጭፍሮች ደመወዛቸውን ከፈለ፤ የጦር መሣሪያውን አየ፤ ግንቡንና ጕድጓዱን አየ፤ የታመሙትን ወታደሮች አየ፤ በጐተራ ያለውንም እህል ተመለከተ።